ወፏ ለምን ዘገየች?

ለጠዋት የቀጠራችሁት ሰው አርፍዶ ቢመጣ መጀመሪያ ምን ታስባላችሁ? ብዙዎቻችን «ቸልተኛ ነው» ወይም «ንቆኝ ነው» ለማለት እንፈጥናለን። ከየት እንደ ተነሣና በመንገድ ምን እንደ ገጠመው የምንጠይቀው ከተቀየምን በኋላ ነው። በዛሬው ጽሑፍ የምንመለከተው ዘግይተው ስለ ደረሱ ትንንሽ ወፎችና የዘገዩበት ምክንያት እንዴት እንደ ታወቀ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በግንቦት ወር በዴንማርክና በስዊድን ወፎችን የሚከታተሉ ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ከአፍሪካ የሚመለሱ ሁለት ዓይነት ወፎች ከለመዱት ጊዜ ዘግይተው ደረሱ። በቀድሞው ዘመን ቢሆን ኖሮ ነገሩ «ዘንድሮ ዘገዩ» ተብሎ በመዝገብ ከመጻፍ አያልፍም ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከወፎቹ አንዳንዶቹ በጀርባቸው ላይ አንድ ትንሽ መሣሪያ ተሸክመው ነበር። መሣሪያው የመዘገበው ነገር ሲነበብ የመዘግየታቸው ምክንያት በአውሮፓ አልተገኘም። የተገኘው በእኛው አካባቢ፣ በአፍሪካ ቀንድ ነው።

ከቀለበት ወደ ብርሃን

ወፎች በየዓመቱ እንደሚሄዱና እንደሚመለሱ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ነቢዩ ኤርምያስ እንኳ በምዕራፍ 8 ቁጥር 7 ላይ ሽመላንና ዋኖስን ጠቅሶ፣ የሚመጡበትን ጊዜ ማወቃቸውን ለሕዝቡ ምሳሌ አድርጎ አቅርቦታል። ነገር ግን ወፎቹ ከዓይን ከተሰወሩ በኋላ የት እንደሚውሉና የት እንደሚያድሩ ለረጅም ዘመን የሚያውቅ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1899 ሃንስ ክርስቲያን ሞርቴንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር በቪቦርግ ከተማ አንድ ዘዴ ጀመረ። ስታርሊንግ የሚባሉትን ወፎች እየያዘ ቁጥርና አድራሻ የተጻፈበት ቀላል የአሉሚኒየም ቀለበት እግራቸው ላይ አደረገላቸው። ወፏን በሌላ አገር ያገኘ ሰው በአድራሻው ይጽፍለታል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ይሁን እንጂ ቀለበት የሚነግረን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወፏ የታሰረችበትን ቦታና የተገኘችበትን ቦታ። በየት በኩል ሄደች? መቼ ተነሣች? የት ስንት ቀን ዐረፈች? ለእነዚህ ጥያቄዎች ቀለበቱ መልስ የለውም። ደግሞም ቀለበት ከታሰረላቸው ትንንሽ ወፎች መካከል በሌላ አገር የሚገኙት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ለትልልቅ ወፎች፣ ለምሳሌ ለሽመላ፣ ያለበትን ቦታ በሳተላይት በኩል የሚያስተላልፍ መሣሪያ ማሰር ይቻላል። ክብደቷ 25 ወይም 30 ግራም ለሆነች ወፍ ግን ያ መሣሪያ የማይቻል ሸክም ነው። 25 ግራም ማለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ያህል ነውና ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ገምቱ። ተመራማሪዎች በተለምዶ የሚከተሉት መመሪያ አለ፤ ሸክሙ ከወፏ ክብደት ከመቶ 3 ወይም 5 እጅ እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ። ስለዚህ ለ30 ግራም ወፍ የሚፈቀደው 1 ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

መሣሪያው ምንድን ነው?

መፍትሔው የመጣው ከባሕር ወፎች ጥናት ነው። የእንግሊዝ የአንታርክቲካ ጥናት ተቋም መሐንዲሶች አልባትሮስ የተባለውን ትልቅ የባሕር ወፍ ለመከታተል ብርሃን የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርተው ነበር። ጂኦሎኬተር ይባላል። መሣሪያው እያነሰና እየቀለለ ሲመጣ ለትንንሽ ዘማሪ ወፎችም ደረሰ። ዛሬ ከግማሽ ግራም በታች የሚመዝኑ አሉ።

በውስጡ ያለው አራት ነገር ነው፦ ብርሃን የሚለካ ትንሽ ዓይን፣ ሰዓት፣ መረጃ የሚያከማች ማኅደርና ባትሪ። ወፏ ጥሩ ቀጭን በሆነ መረብ ትያዝና ሁለት ትንንሽ ቀለበቶች በጭኖቿ ዙሪያ ይገባሉ፤ መሣሪያው በወገቧ ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑም ከላባዋ በላይ ብቅ ይላል። ከዚያ ትለቀቃለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ መሣሪያ ወደ ማንም መልእክት አይልክም። በየጥቂት ደቂቃው የብርሃኑን መጠን ይመዘግባል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ያየውን ለማወቅ ያችው ወፍ በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ቦታ ተመልሳ መምጣትና እንደገና መያዝ አለባት። ደግነቱ ብዙ ወፎች ባለፈው ዓመት ጎጆ ወደ ሠሩበት አካባቢ ይመለሳሉ። በባሕርና በበረሃ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዘው ወደዚያው ቁጥቋጦ መምጣታቸው ራሱ የሚያስደንቅ ነው።

ብርሃን እንዴት አድራሻ ይናገራል?

«የብርሃን መጠን ብቻ አይቶ ቦታን ማወቅ እንዴት ይቻላል?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ በአገራችን ምሳሌ እንየው።

1ኛ. ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለው ርቀት። ፀሐይ በጅጅጋ ከጋምቤላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድማ ትወጣለች፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም ቀድማ ትገባለች። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ዙር ስለምትዞር በእያንዳንዱ የኬንትሮስ ዲግሪ የ4 ደቂቃ ልዩነት ይኖራል። ስለዚህ የመሣሪያው ሰዓት ሳይቀየር ከቆየ፣ የፀሐይ መውጫና መግቢያ መካከለኛው ሰዓት ወፏ በምን ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንዳለች ይነግረናል።

2ኛ. ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያለው ርቀት። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ነግቶ ማታ 12 ሰዓት የሚመሸውም ለዚህ ነው። በኮፐንሃገን ግን በበጋቸው ቀኑ ከ17 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ በክረምታቸው ደግሞ ወደ 7 ሰዓት ያጥራል። ስለዚህ ቀኑ ከወሩ ጋር ተያይቶ የቀኑ ርዝመት ሲለካ ወፏ ያለችበት ኬክሮስ ይታወቃል።

ሁለቱ ሲጣመሩ በካርታ ላይ ነጥብ ይሆናሉ። ነጥቡ በእርግጥ ትክክለኛ አድራሻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በ100 ወይም በ200 ኪሎ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ወፏ ኬንያ ነበረች ወይስ ዴንማርክ፣ በየትኛው ሳምንት ተነሣች፣ ስንት ቀን ቆየች ለሚለው ግን ይበቃል። የዚህ መሣሪያ ዋና ጥቅምም ይህ ነው፤ ከቦታው ይልቅ ጊዜውን ይነግረናል።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት ወፎች

በካናዳ ቶሮንቶ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆነችው ብሪጅት ስተችበሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት ለ34 ወፎች መሣሪያውን አሰረች። 14ቱ ውድ ትረሽ፣ 20ዎቹ ደግሞ ፐርፕል ማርቲን የሚባሉ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያቸው የተገኘው 7 ብቻ ናቸው፤ 5 ውድ ትረሽና 2 ፐርፕል ማርቲን። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ።

ከእነዚህ አንዷ ፐርፕል ማርቲን ወደ ብራዚል ስትወርድ 43 ቀን ፈጀባት። ስትመለስ ግን ከአማዞን አካባቢ ተነሥታ 7,500 ኪሎ ሜትር ያህል በ13 ቀን ጨረሰችው። ከዚያ በፊት ትንንሽ ወፎች በቀን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚጓዙ ይገመት ነበር፤ እርሷ ከ500 በላይ ትጓዝ ነበር።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ኖርዘርን ዊትኢር የተባለችውን 25 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ ከአላስካ ተከታትሏል። ከአላስካ ተነሥታ እስያን በሙሉ አቋርጣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣች። መንገዱ በአንድ ጉዞ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ አፍሪካ ስትመጣ በአማካይ 91 ቀን፣ ስትመለስ 55 ቀን ወስዶባታል።

በሁለቱም ጥናቶች መመለሻው ከመሄጃው ይፈጥናል። ለምን? ቀድሞ የደረሰ የተሻለውን የጎጆ ቦታና ተጓዳኝ ያገኛል። የሰሜኑ የሙቀት ወራት አጭር ስለሆነ የዘገየች ወፍ ጫጩቶቿን ለማሳደግ የሚቀራት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ በመመለሻው ጉዞ ላይ ያለ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም።

በ2011 ምን ሆነ?

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በ2011 የዘገዩት ሁለቱ ወፎች አንደኛዋ ሬድ ባክድ ሽራይክ፣ ሁለተኛዋ ትረሽ ናይቲንጌል ይባላሉ። ናይቲንጌል በሌሊት በመዘመር የምትታወቅ ቡናማ ወፍ ናት። ሽራይክን ምናልባት ሳታውቁት አይታችሁት ይሆናል። ወንዱ ራሱ ግራጫ፣ ጀርባው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ በዓይኖቹ ላይ እንደ ጥቁር ጨርቅ የታሰረ የሚመስል መስመር አለው፤ የመንቁሩ ጫፍም እንደ ጭልፊት ቆልመም ያለ ነው። ግራር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፌንጣና ጢንዚዛ ይጠብቃል፤ የያዘውንም አንዳንድ ጊዜ እሾህ ላይ ሰክቶ ያስቀምጣል።

የኮፐንሃገንና የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም አንደርስ ቶትሩፕ፣ እነዚህን ወፎች በብርሃን መዝጋቢ ሲከታተሉ ነበር። የሽራይክ ዓመት እንዲህ ነው። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ከስካንዲኔቪያ ትነሣለች፤ ሜዲትራኒያንንና ሰሃራን ተሻግራ ከበረሃው በታች ባለው የሳህል ምድር ትቆያለች፤ ከዚያም ወደ ደቡብ አፍሪካ አገሮች፣ ወደ ካላሃሪ አካባቢ ትወርዳለች። በመጋቢት ስትመለስ በመጣችበት መንገድ አትሄድም። ወደ ምሥራቅ ዞራ በአፍሪካ ቀንድ በኩል ታልፋለች፤ እዚያ ዐርፋ ትመገባለች፤ ከዚያ ዐረቢያን ተሻግራ ወደ ሰሜን ትወጣለች።

ይህ ዕረፍት ለምን አስፈለገ? ከፊቷ ያለው ባሕርና በረሃ ነው። ወፍ የመንገድ ስንቋን የምትይዘው በሰውነቷ ውስጥ በስብ መልክ ነው። ስብ የሚገኘው ነፍሳትን በመብላት ነው፤ ነፍሳት የሚበዙት ቅጠል ሲለመልም ነው፤ ቅጠል የሚለመልመው ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ነው። ቦረናዎች ገና፣ ሶማሌዎች ጉ የሚሉት ዝናብ የሚወርደውም ልክ ወፎቹ በሚያልፉበት በዚያው ወቅት ነው።

በ2010 መጨረሻ የሚጠበቀው አጭር ዝናብ ቀረ። በ2011 የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦቱም እንዲሁ ሆነ። በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ ከብት አለቀ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በሐምሌ ወር በደቡብ ሶማሊያ አንዳንድ ክፍሎች ረሃብ መግባቱን አወጀ። በዚያው ምድር ላይ ያቺ ትንሽ ወፍ ባዶ ቁጥቋጦ ላይ ተቀምጣ ስንቅ ለመሙላት ትደክም ነበር።

የመሣሪያዎቹ መዝገብ ሲነበብ ወፎቹ በ2011 በአፍሪካ ቀንድ ከወትሮው የረዘመ ጊዜ መቆየታቸው ታየ። ስካንዲኔቪያ የደረሱትም በዚያው ልክ ዘግይተው ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳይንስ መጽሔት ታተመ።

የ1984ቱ መዘግየት

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ይልቅ የሚሰማን ይህ ይመስለኛል። ተመራማሪዎቹ የቆዩ የወፍ መዝገቦችን ሲመለከቱ ወደ ሰሜን አውሮፓ በዚህ መጠን የተዘገየበት ሌላ አንድ ዓመት ብቻ አገኙ። ያም እ.ኤ.አ. 1984 ነው።

ያ ዓመት በእኛ አቆጣጠር የ1976 ማብቂያና የ1977 መጀመሪያ ነው። «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» ሲባል ማስረዳት አያስፈልግም። በ1984 የበልጉ ዝናብ ቀረ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት ወር ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። የዓለም ሕዝብ የኮረምን መጠለያ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ያየው ግን ጥቅምት 23 ቀን (በአውሮፓ አቆጣጠር) ነው። ወፎቹ ሰሜን አውሮፓ የሚደርሱት በግንቦት ነው። ይህ ማለት መዘግየታቸው በመዝገብ የተጻፈው ዓለም ረሃቡን ከማየቱ አምስት ወር ያህል አስቀድሞ ነው። «ዘንድሮ ዘገዩ» ተብሎ ተጻፈ፤ ለምን እንደ ዘገዩ ሊናገር የሚችል ግን አልነበረም። ቀኑ ተመዝግቦ ምክንያቱ በሌላው የመንገድ ጫፍ ቀረ።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ያልተባለውን እንዳንጨምር ጥቂት ነጥቦችን እናስታውስ።

1. ወፏ የድርቅ ነቢይ አይደለችም። ዝናብ መቅረቱን ከማንም በፊት የሚያውቀው አርብቶ አደሩ ነው፤ የሜትሮሎጂ መለኪያም አለ። የ1984ቱም ነገር ከ2011 ጋር ባለው መመሳሰል የተገመተ ነው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መሣሪያ በወፎች ላይ አልነበረምና።

2. መሣሪያው በዓመት ሁለት ጊዜ ግማሽ ዕውር ይሆናል። በመጋቢትና በመስከረም ቀንና ሌሊት በዓለም ሁሉ እኩል በሚሆኑበት ሰሞን የቀኑ ርዝመት ሰሜንና ደቡብን አይለይም። ደመና፣ ጥላና ላባም ብርሃኑን ይከልላሉ። አሁን ግን የአየር ግፊትን አብረው የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ስለ ተሠሩ ይህ ችግር እየቀለለ ነው።

3. የምንሰማው የተመለሱትን ብቻ ነው። በመንገድ የቀሩት ወፎች ታሪካቸው አብሯቸው ቀርቷል። ከ34ቱ የተገኘው የ7ቱ መዝገብ ብቻ እንደ ነበር አስታውሱ።

4. ሸክም ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ መሣሪያው በትንንሽ ወፎች በሕይወት መቆየት ላይ አነስተኛም ቢሆን ጉዳት እንዳለው፣ ከወፏ ክብደት አንጻር ሸክሙ ሲከብድ ጉዳቱም እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ እውነተኛ ጥያቄ ሳይኖር መሣሪያ ማሰር አይገባም።

ታዲያ እኛ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ መዘግየት የሚታየው በአንድ ቦታ፣ ምክንያቱ ያለው ደግሞ በሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። በዴንማርክ ቆሞ ወፏን የሚጠብቅ ሰው የዴንማርክን አየር ብቻ ቢመረምር መልሱን አያገኝም። እኛስ ዘግይቶ የመጣውን ልጅ፣ ክፍያውን ያዘገየውን ተከራይ፣ ከጉባኤ የጠፋውን ወንድም በምን እንመዝናለን? ከመፍረዳችን በፊት የመጣበትን መንገድ ብንጠይቅ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ የእኛ ምድር የሌሎች ስንቅ ቤት ነው። በቦረና ወይም በሶማሌ ክልል ያለ ግራርና ቁጥቋጦ በስካንዲኔቪያ ገበሬ አጥር ላይ ለሚፈለፈሉ ጫጩቶች ድርሻ አለው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በዚያ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ቀርተው በርካታ ሚሊዮን ከብት አልቋል። የእነዚያ ዓመታት መከራ የተጻፈው በሰውና በከብት ላይ ቢሆንም፣ በምድሪቱ በኩል የሚያልፍ ፍጥረት ሁሉ አብሮ ይነካል።

ሦስተኛ፣ ቀን መጻፍ ዋጋ አለው። የ1984ቱ መዘግየት ሊታወቅ የቻለው አንድ ሰው በየዓመቱ ወፎቹ የደረሱበትን ቀን በትዕግሥት ስለ ጻፈ ነው። እናንተም መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። በሚያዝያ ወር ወደ ገጠር ብትወጡ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ያ ወፍ ግራር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብታዩት፣ ቀኑንና ቦታውን በማስታወሻችሁ ላይ አስፍሩ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ አድርጉ። ልጆቻችሁንም አስተምሯቸው፤ አካባቢውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችንም ጠይቁ። ወፉ በግንቦት መጨረሻም ገና እዚያው ካለ ዝናቡ እንዴት እንደ ነበር አብራችሁ ጻፉ። ምክንያቱ የሚገኘው በዚያ በኩል ሊሆን ይችላልና።